የአሥር ሳንቲሙ አጋዘን

ካዛንቺስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ታጥቦ ያደረው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ገና አልደረቀም። ቆርቆሮ ለብሶ ከቆመ ግንባታ ጥግ አንዲት እናት የጀበና ቡና ያፈላሉ። ሁሉም እትዬ ነው የሚሏቸው፤ እኔም እንደዚያው። ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ቤት ከዚህ የሁለት ደቂቃ መንገድ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ገላን ጉራ ገቡ። ደንበኞቻቸው ግን እዚህ ናቸውና በሌሊት ተነሥተው አውቶቡስ ይይዛሉ።

ከረከቦቱ አጠገብ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አለ። ቤታቸውን ሲለቁ ከቁም ሣጥን ሥር የተገኙ ሳንቲሞች ናቸው ያሉበት።

«ልጄ፣ ይኼን ዛሬ ማን ይቀበላል?» አሉኝ አንዱን አንሥተው።

ቢጫ አሥር ሳንቲም ነበር። በአንድ ፊቱ አንበሳ፣ በሌላው ቀንዳም የዱር እንስሳ። ዓመተ ምሕረቱ በግእዝ ቁጥር ፲፱፻፷፱ ይላል። ሳንቲሙ ከእጅ እጅ ዞረ። ፌሮ የሚያስረው ወጣት «ፍየል ነገር ነው» አለ። ሌላው ዋልያ ነው ብሎ ተከራከረ። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋው ሦስተኛው ልጅ ስኒውን አስቀምጦ አየው።

«ይኼማ ገደምሳ ነው። እኛ አገር አለ።»

አገሩ አርሲ ነው፣ ከጭላሎ ጀርባ። ሲነጋጋ ከጫካ ወጥቶ ገብስ እንደሚበላ፣ አባቱ ሌሊት ማማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው እንደነበር፣ ወንዱ ሲሸሽ ቀንዱን ጀርባው ላይ አስተኝቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ ዓይን እንደማይይዘው ነገረን። ይህን ሁሉ የተናገረው ስለ ጎረቤቱ በሬ እንደሚያወራ ሰው ነበር።

ይህ ልጅ የሚያውቀውን ከመቶ ዓመት በፊት የለንደን ሊቃውንት አያውቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ኢቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በአርሲ ተራሮች ላይ አንድ ቀንዳም እንስሳ ገደለ። ቆዳውና ቀንዱ እንግሊዝ አገር ገባ። ሪቻርድ ላይዴከር የተባለው የእንስሳት ሊቅ መርምሮ ከዚያ በፊት በሳይንስ መዝገብ ያልገባ ዝርያ መሆኑን በ1910 አሳወቀ። ከአፍሪካ ትልልቅ የአጋዘን ወገኖች መካከል ለሳይንስ የመጨረሻው ሆኖ የተመዘገበው ይኸው የእኛው እንስሳ፣ በአማርኛ የደጋ አጋዘን የሚባለው ነው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ ትከሻው ከሰው ወገብ በላይ ነው፤ ቀንዱ አንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ይህን የሚያህል ፍጡር እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ያለ መዝገብ መኖሩ ይገርማል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን «ተገኘ» የምንለው ነገር ነው። የአርሲ ገበሬ ከገብሱ ላይ ሲያባርረው የኖረው ፍጡር መቼ ጠፍቶ ነው የተገኘው?

ለሳይንስ መገኘት ማለት መታየት አይደለም። አንድ ዝርያ አዲስ ተብሎ እንዲታወቅ ሊቁ ከዘመዶቹ የሚለይበትን ምልክት በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ ለዝርያው ምስክር የሚሆን አንድ ናሙና ይሰይማል፤ ሁለት ቃል ያለው የላቲን ስም ይሰጠዋል፤ ይህንንም ያሳትማል። የእንስሳት ስያሜ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ስም ያላወጣ አላገኘም፤ ቀድሞ ያሳተመ ባለቤት ነው። ሥርዓቱ ጠቃሚ መሆኑን አልክድም። በአማርኛ አጋዘን የሚባለው በሌላ ቋንቋ ሌላ ነውና የዓለም ተመራማሪዎች ስለ አንድ እንስሳ ለመነጋገር አንድ ስም ያስፈልጋቸዋል። ግን ያ አንድ ስም ከማን አፍ ይወሰድ የሚለው ጥያቄ አለ።

ላይዴከር ስሙን የወሰደው ከገዳዩ ነው። የዝርያው መጠሪያ «በክስቶኒ» ሆነ፤ የበክስተን ማለት ነው። ከእሱ ሰባ ዓመት ያህል ቀድሞ የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ግን ሌላ መንገድ ሄዶ ነበር። በ1830ዎቹ ሰሜን ተራሮችን አይቶ ሲመለስ ዋልያን «ዋሊ» ብሎ መዘገበ፤ ያገሩን ሰው ቃል ነው የያዘው። ጭላዳን «ጌላዳ» አለ። ቀይ ቀበሮንም በሰሜን ስም «ሲመንሲስ» ብሎ ጠራ። በ1902 ኦስካር ኒውማን የባሌን ጦጣ ሲሰይም ከጀምጀም ምድር ስም ወስዶ «ጀምጀመንሲስ» አላት፤ በዚያው ዓመት አንዱን የድኩላ ዓይነት ደግሞ በምኒልክ ስም ጠርቶታል። ስለዚህ የዓለም ሊቃውንት ዛሬም የዋልያን ስም ሲጽፉ ሳያውቁት አማርኛ ይጽፋሉ። የደጋው አጋዘን ግን የአርሲ ሰው ስም አልደረሰውም።

ካዛንቺስ ቆሜ ይህን ሳስብ የቆምኩበት ሰፈር ስም ራሱ ትዝ አለኝ። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘባቸው አምስት ዓመታት ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ተቋም ነበረው፤ በአሕጽሮት «ኢንቺስ» ይባላል። ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የአዲስ አበባ ሰው አፍ ካዛንቺስ አደረገው። ወራሪው ሄደ፣ ቤቶቹ አረጁ፣ አሁን ደግሞ አብዛኛው ሰፈር ፈረሰ፤ ስሙ ግን አልተነቃነቀም። እትዬም ገላን ጉራ እየኖሩ «የካዛንቺስ ልጅ ነኝ» ይላሉ። የባዕድ ስም እንኳ ሰው ከኖረበት የሰው ይሆናል። «በክስቶኒ» ግን የማንም አፍ ላይ አልኖረም፤ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው ያለው።

ከተማው የሚያውቀው ሌላ ስሙን ነው። ከካዛንቺስ ወርጄ፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን አልፌ፣ በእስጢፋኖስ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ ስሄድ አንድ ሱቅ በደረቴ አገኘሁ። ከማስቲካውና ከሶፍቱ መካከል የኒያላ ሲጋራ አለ። ኒያላ የሚባል ኢንሹራንስ አለን፤ ኒያላ ሞተርስም አለን። ልጁን ኒያላ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሲጋራ ነዋ!» አለኝ፣ ጥያቄው ግራ ገብቶት። ቃሉ የመጣው ከደቡባዊ አፍሪካ ነው፤ እዚያ ኒያላ የሚባል ሌላ እንስሳ አለ። ፈረንጆቹ የእኛን ከዚያ ጋር አመሳስለው «የተራራ ኒያላ» አሉት። ሆኖም የዘረመል ጥናቶች እንዳሳዩት የኛው ከዚያ ከስመ ሞክሼው ይልቅ ለድኩላና ለቦንጎ ይቀርባል። የተዋስነው ስም ራሱ የተሳሳተ ዝምድና ላይ የቆመ ነው ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ አማርኛ «የደጋ አጋዘን» ሲል ቆላ ካለው አጋዘን ጋር አዛምዶ ነው። ላይዴከርም መጀመሪያ የመደበው ከዚያው ከቆላው አጋዘን ወገን ነበር፤ ነጠብጣብ ያለበት አጋዘን ብሎታል። የለንደኑ ሊቅና የአበሻው አዳኝ ሳይተዋወቁ ቀንዱን አይተው አንድ ዓይነት ፍርድ ሰጥተዋል። ኋላ ላይ የሳይንሱ ምደባ ተቀየረ። ሳይንስ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ መሳሳቱን በጽሑፍ የሚያርም መሆኑ ትልቁ ጉልበቱ ነው።

በዚያው ሳምንት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ወደ አንድ ወዳጄ አባት ቤት ሄድኩ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከሠርግ ፎቶግራፎች በላይ፣ ጥንድ ቀንድ ተሰቅሏል። ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ኮት ሲሰቀልበትም አይቻለሁ። አባታቸው በንጉሡ ጊዜ ከአዳኞች ጋር እየዞሩ በቅሎ ይጭኑ ነበር፤ ቀንዱ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ቤተሰቡ የቆላ አጋዘን ነው ብሎ ነው የኖረው። ወንበር ላይ ወጥቼ ዙሩን በጣቴ ተከተልኩት። የቆላው አጋዘን ቀንድ እንደ ቡሽ መክፈቻ ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ይጠመዘዛል። ይህ ግን አንድ ተኩል ገደማ ዞሮ ጫፉ ወደ ውጭ ተከፈተ፤ ጎንና ጎኑ እንደ በገና ክንድ ሆነ። እኔ የእንስሳት ሊቅ አይደለሁም፤ ነገር ግን የደጋው ነው ብዬ አምናለሁ።

«ታዲያ አባባ ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«ከአርሲ ነው ሲሉ ነው የሰማሁት» አሉ አዛውንቱ። «ብርዱን ነበር የሚያወሩት። ስለ እንስሳው ብዙ አላወሩም።»

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀንድ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በቬትናምና በላኦስ ድንበር፣ ቩ ኳንግ በሚባል ደን ውስጥ፣ ተመራማሪዎች በአዳኞች ቤት ያልተለመደ ረጅም ቀጥ ያለ ቀንድ ተሰቅሎ አዩ። ያ ቀንድ ሳኦላ የሚባለውን እንስሳ ለዓለም አስታወቀ፤ ስሙ በይፋ የታተመው በተከታዩ ዓመት ነው። ከዚያ ቀደም በ1901 ከኮንጎ ጥቅጥቅ ደን ኦካፒ ወጣ፤ ሃሪ ጆንስተን መጀመሪያ እጁ የገባው የቆዳ ቁራጭ ስለነበረ የሜዳ አህያ ዘመድ መስሎ ተመዘገበ፤ ራስ ቅሉ ሲመጣ የቀጭኔ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። በ1904 ደግሞ በኬንያ ግዙፉ የጫካ አሳማ ታወቀ፤ እሱ በእኛም ዝናማ ደኖች ይኖራል። በሦስቱም ቦታ የደኑ ሰው እንስሳውን ያውቀው ነበር፤ ይበላው፣ ይፈራው፣ በስሙ ይጠራው ነበር። አዲስ የሆነው ለመጽሐፉ ነው።

የእኛ አጋዘን ሙሉ በሙሉ የዝናም ደን እንስሳ አይደለም። የሚወደው ብርዳማውን ከፍታ ነው፤ ጽድና ኮሶ ያለበትን ጫካ፣ ከዚያም በላይ ያለውን አስታ። ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ከአርሲና ከባሌ እስከ ጭርጭር። የባሌ ተራራ ግን በስተ ደቡብ ሲወርድ ሐረና ደን ውስጥ ይገባል። ሰው 4,377 ሜትር ከሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በአንድ ቀን በመኪና ሲወርድ ከውርጭ ወደ ዝናማ ደን፣ ከቀይ ቀበሮ ወደ ጫካ ቡና ይደርሳል። አንበሳም አለ። በኢትዮጵያ ምድር እንዲህ ያለ ቁልቁለት ሌላ አላየሁም።

የባሌው መንጋ ራሱ በቅጡ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ሌዝሊ ብራውን የሚባል የአእዋፍና የዱር እንስሳት አጥኚ በዚያ ዘመን አጋማሽ ተራራውን በእግርና በፈረስ ዞሮ ከአርሲው የሚበልጥ መንጋ መኖሩን ለዓለም አሳወቀ፤ ቦታውም ፓርክ እንዲሆን ወተወተ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በእነዚህ ሃምሳ ዓመታት መካከል ግን እንስሳው ብዙ አይቷል። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ፓርኩ ጠባቂ አጣ፤ በፓርኩ የጋይሳይ ሜዳ የነበረው መንጋ በጥይትና በውሻ ተመናመነ። የተረፉት ዲንሾ፣ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ተጠልለው፣ ቀስ በቀስ እንደገና በዙ። ዛሬ በጠቅላላ ያለው ከ4 ሺሕ እንደማይበልጥ ይገመታል፤ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ጋር መዝግቦታል።

ዲንሾን አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማታ ደርሼ ብርዱ ጥርሴን ሲያንቀጫቅጨኝ አደረ። ማለዳ በሩን ስከፍት ከሃያ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት አምስት እንስቶች ቆመው አየሁ፤ ቀንድ የላቸውም፣ ጆሯቸው ሰፊ ነው፣ አንገታቸው ሥር ነጭ ምልክት አለ። ወንዱ ከኋላቸው ከጽዱ ጥላ ወጣ። ግራጫ ጠጉሩ ላይ ጤዛ አለ። አልሮጠም። አንድ እግሩን አንሥቶ ቆየና አስቀመጠው። የሰማሁት ድምፅ ሣር የሚቆርጡ ጥርሶች ብቻ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በሳንቲም ላይ ስቆጥረው የኖርኩት ፍጡር መተንፈሱን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ይህን ለማለት አላፍርም፤ እንባዬ መጣ።

ፓርኩ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ጉዳይ ግን ከእኔ እንባ ይከብዳል። የጋይሳይን ሜዳ ወደ ሮቤ የሚሄደው መንገድ ያቋርጠዋል። ከብት እዚያው ይሰማራል፤ ገብስ ወደ ላይ ወደ ላይ ይታረሳል። አጋዘኑ ማታ ማሳ ይገባል። ሌሊት ማማ ላይ የሚያድረውን ገበሬ «ይህ የዓለም ቅርስ ነው» ብሎ መገሠጽ ለከተማ ሰው ቀላል ነው። ኪሳራው የእሱ፣ ኩራቱ የእኛ ሆኖ መቀጠል ያለበት አይመስለኝም። ከቱሪስቱና ከአደን ፈቃዱ የሚገኘው ገንዘብ ማሳው ለተበላበት ሰው በቀጥታ ካልደረሰ እንስሳውን ለማን አደራ እንላለን?

መመዝገብ ያበቃለት ነገር እንዳይመስለን ሁለት ነገር ላክል። ሁላችንም ቀይ ቀበሮ የምንለው ሳይንስ ከተኩላ ወገን ነው የሚለው እንስሳ ነው። ቀበሮ ብቻ የምንለው ደግሞ ለረጅም ጊዜ የእስያው ወርቃማ ቀበሮ ዘመድ ተብሎ ተመዝግቦ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 የኖርዌይ፣ የእንግሊዝና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም አፈወርቅ በቀለና አናጋው አጥቅም፣ በደጋችን የሚኖረውን ቀበሮ ዘረመል መረመሩ። የተገኘው የተኩላ ዘር ነው። በ2015 በወጣ ሌላ ጥናት የአፍሪካው ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ተባለ። በግ ሲነጥቅብን የኖረው፣ እረኛ ሁሉ በድንጋይ ያባረረው እንስሳ፣ ማንነቱ የታወቀው በእኛ ዕድሜ ነው። በዚህኛው ሥራ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያውያን ስም አለበት፤ ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል።

ሁለተኛው ከካዛንቺስ ብዙም አይርቅም፤ ስድስት ኪሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አንበሶች በተጀመረው የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የነበሩ 15 አንበሶች ተመርምረው፣ በ2012 የታተመው ውጤት ከተነጻጸሩባቸው የአፍሪካ አንበሶች የሚለዩ መሆናቸውን አሳየ። አዲስ ዝርያ አልተባሉም። ነገር ግን ጥቁር ጎፈራቸውን ለማየት በትምህርት ቤት ጉዞ የተሰለፍንባቸው፣ ፍርግርጉን ይዘን ያገሣንላቸው አንበሶች፣ ከተማው መሀል ሆነው እስከዚያ ዓመት የጠየቃቸው አልነበረም።

ባለፈው ዓርብ እንደገና ካዛንቺስ ሄድኩ። የአርሲው ልጅ ቁርሱን ጨርሶ ቡናውን ይጠብቃል። እትዬ ሳንቲሙን ከጣሳው አውጥተው «የአገርህ ነው፣ ያዘው» አሉት። በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለታናሽ ወንድሙ ላከው፤ አባቱ ዘንድ እንዲያሳየው። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አደረገልን። አባትየው በኦሮምኛ ረጅም አወሩ፤ ልጁ እየሰማ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን አሉ?» አሉ እትዬ።

«ሳንቲሙን ያውቁታል። ‹ድሮ በዚህ ጨው ገዝቼበታለሁ› ነው የሚሉት።»

«እሱስ ይሁን። እንስሳውስ?»

ልጁ ጠየቀላቸው። መልሱ አጭር ነበር።

«ማሳው ላይ ከመጣ ሁለት ክረምት አልፏል» አለ። «አሁን አባቴ ማማ ላይ አያድሩም። ደህና ይተኛሉ።»

እትዬ ሁለተኛውን ለመቅዳት ጀበናውን አዘንብለው ቆዩ። ከግንባታው በኩል ፉጨት ተሰማ፤ ሥራ ሊጀመር ነው። ልጁ ሳንቲሙን ከስልኩ ሽፋን ጀርባ ሸጉጦ ኮፍያውን ደፋ።